ትልቁን ፊልም ወደ ትንሹ መስተዋት
በሊኑክስ የቪዲዮ ፋይልን ለእጅ ስልክ ስለ ማዘጋጀት

መምህር ሲያስተምር የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ተኩል ቪዲዮ በኮምፒዩተር ላይ በደኅና ይታያል። ወደ እጅ ስልክ በተዛወረ ጊዜ ግን ወይ ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ወይ ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ወይም ስልኩ ፋይሉን መክፈት አልችልም ብሎ ይመልሳል። ነገሩ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ኮምፒዩተር የሌለው፣ ያለው መስተዋት የእጅ ስልኩ ብቻ የሆነ ተማሪ አለ። ለእርሱ የማይከፈት ፋይል ማለት የተዘጋ የትምህርት ክፍል ማለት ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ለሌለው ጓደኛው ይህን በር እንዴት ሊከፍትለት እንደሚችል ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

«የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪን የመኪና ሥራ ምን አገባው?» የሚለን ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ ከላይ ሲያዩት የመኪና ይምሰል እንጂ በውስጡ የቋንቋና የትርጉም ነገር ነው። ይህም እንደሚከተለው ይታያል።

1ኛ/ ፖስታውና ደብዳቤው

በፋይል ስም መጨረሻ ላይ የምናያቸው ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የተባሉት ምልክቶች የፖስታው ዓይነት እንጂ የደብዳቤው ቋንቋ አይደሉም። ፖስታው ሥዕሉን፣ ድምፁንና አንዳንድ ጊዜም የግርጌ ጽሑፉን በአንድነት ይይዛል። ሥዕሉና ድምፁ የተጻፉበት ቋንቋ ግን ኮዴክ ይባላል።

ኮዴክ ያስፈለገበትን ምክንያት በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሥዕል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች ቢኖሩት፣ በተለመደው አቀማመጥ 3 ሚሊዮን ያህል ባይት ይወስዳል። በሰከንድ 25 ሥዕሎች ቢያልፉ የአንድ ሰዓት ፊልም ወደ 280 ጊጋባይት ሊደርስ ነው። ይህን ያህል የሚሸከም ስልክ ከወዴት ይገኛል? ኮዴክ ግን እያንዳንዱን ሥዕል እንደገና በመጻፍ ፈንታ፣ ካለፈው ሥዕል የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ ዐይን የማያስተውለውንም ይተዋል። መምህሩ ሲንቀሳቀስ ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ ስለማይለወጥ፣ ግድግዳውን ሺህ ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም።

ከነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ በ1ኛ ደረጃ የምንመክረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 የወጣውን ኤች264 ነው፤ የዘመኑ የእጅ ስልኮች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያነቡታልና። በ2013 የወጣው ኤች265 ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ በ2018 የወጣው ኤቪ1ም ከእርሱ ይሻላል። ይሁን እንጂ አሮጌ ስልክ እነዚህን ለማንበብ የተሠራ ክፍል በውስጡ የለውም። ክፍሉ ከሌለው ሥራው ሁሉ በስልኩ ዋና አንጐል ላይ ይወድቃል፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

2ኛ/ ሊኑክስና መሣሪያው

ሊኑክስ በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። በ2004 የወጣውና በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው ኡቡንቱ ደግሞ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን ስሙ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተገኘ ነው። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው መሣሪያ በ2000 በፋብሪስ ቤላር የተጀመረ ነው። ሁሉም ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ስለዚህ የተማሪን ኪስ አይነኩም።

ተርሚናል የተባለውን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተን በኡቡንቱ ላይ የምንጽፈው ይህ ነው፦ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤፍኤፍኤምፔግ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ትዕዛዞቹን በፊደላችን የምናቀርበው አነባበባቸውን ለማሳየት ነው፤ በመኪናው ላይ ሲጻፉ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይሆናል።

3ኛ/ አስቀድሞ መመርመር

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ፋይሉም ሳይመረመር አይነካም። ኤፍኤፍፕሮብ ብለን የፋይሉን ስም ብናስከትል፣ ሥዕሉና ድምፁ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፉ፣ የሥዕሉ ስፋት ስንት እንደ ሆነ፣ በሰከንድም ስንት ኪሎቢት እንደሚፈስ ይዘረዝርልናል። ከዚህ ምርመራ በኋላ ፍርዱ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ሥዕሉ ኤች264፣ ድምፁም ኤኤሲ ከሆነ፣ መጠኑም ለስልኩ ካልከበደ፣ ደብዳቤው ስልኩ በሚያውቀው ቋንቋ ተጽፏልና ፖስታውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ትዕዛዙም፦ ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ትምህርት.ኤምኬቪ -ሲ ኮፒ ትምህርት.ኤምፒ4 ነው። «አይ» የሚገባውን ፋይል ያመለክታል፤ «ሲ ኮፒ» ደግሞ «ሳትተረጕም እንዳለ ገልብጥ» ማለት ነው። ይህ ሥራ ቶሎ ያልቃል፤ ከጥራቱም ምንም አይጐድልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊልሙን እንደ አዲስ መተርጐም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ቋንቋው ስልኩ የማያውቀው ከሆነ ወይም ፋይሉ እጅግ ትልቅ ከሆነ ግን ትርጉም ግድ ይሆናል።

4ኛ/ የትርጉሙ ሥራ

ኤፍኤፍኤምፔግ ብለን፣ በ«-አይ» የሚገባውን ፋይል ከሰጠን በኋላ፣ የሚከተሉትን በተራ እንጨምራለን፤

(ሀ) -ቪኤፍ ስኬል=-2:480። ይህ የሥዕሉን ቁመት ወደ 480 ነጥብ ያወርደዋል። -2 የተባለው ቍጥር ስፋቱ ከቁመቱ ጋር ተመጣጥኖ በተጋማሽ ቍጥር እንዲወጣ ያዛል። ከ1080 ወደ 480 የወረደ ሥዕል የነጥቦቹ ብዛት ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደቃቅ ከሆነ 480 ስለሚያደበዝዘው በ720 መሥራት ይሻላል። የማይነበብ ሰሌዳ ያለበት ትምህርት ቦታ ቈጠበ ተብሎ አይመሰገንም።

(ለ) -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ሲአርኤፍ 26። የመጀመሪያው ሥዕሉ ወደ ኤች264 እንዲተረጐም፣ ሁለተኛው ጥራቱ እንዲወሰን ያደርጋል። ይህ የጥራት ቍጥር ካልተነገረው መሣሪያው 23ን ይይዛል። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል፤ ቍጥሩ በ6 ከፍ ባለ ጊዜ ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል።

(ሐ) -ፒክስ_ኤፍኤምቲ ዋይዩቪ420ፒ። አንዳንድ ፋይል ኤች264 ሆኖ ሳለ ቀለሙ በ10 ቢት ስለ ተጻፈ ብቻ ብዙ ስልኮች አያነቡትም። ይህ ትዕዛዝ ወደ ተለመደው 8 ቢት ይመልሰዋል።

(መ) -ሲ:ኤ ኤኤሲ -ቢ:ኤ 64ኬ -ኤሲ 1። ድምፁ ኤኤሲ ይሁን፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይፍሰስ፣ በአንድ መስመር ይሁን ማለት ነው። ለመምህር ንግግር ይህ ይበቃል፤ ለሙዚቃ ግን አይበቃም።

(ሠ) -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት። የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል። በመሆኑም ፋይሉ ከኢንተርኔት ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ማየት ይቻላል።

በመጨረሻም የሚወጣውን ፋይል ስም እንጽፋለን። ከዚህ ስም በፊት -ቲ 60 ብንጨምር መሣሪያው የመጀመሪያዎቹን 60 ሰከንዶች ብቻ ይሠራል። ይህን የሙከራ ቍራጭ በስልኩ ላይ አይቶ ደስ ካላሰኘ ማስተካከል፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪናው ከሠራ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል። አያሌ ፋይሎች በአንድ ማኅደር ቢኖሩም እያንዳንዱን በእጅ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ፎር፣ ዱ እና ደን በተባሉት ሦስት የሼል ቃላት ትዕዛዙ በፋይሎቹ ሁሉ ላይ በተራ እንዲመላለስ ይደረጋል።

5ኛ/ ጥቅሙ በቍጥር

የአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት 5,400 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 5,000 ኪሎቢት የሚፈስ ከሆነ ወደ 3.4 ጊጋባይት ይይዛል። ከተተረጐመ በኋላ ሥዕሉ 400፣ ድምፁ 64 ኪሎቢት ቢሆን በጠቅላላው 313 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንድ ትምህርት ይዞት በነበረው ቦታ አሥር ትምህርቶች ገቡ ማለት ነው። ለኢንተርኔት በሜጋባይት ለሚከፍል ተማሪ ይህ ልዩነት የምሳ ገንዘብ ነው። ደግሞም በብዙ የማስታወሻ ካርድ ላይ የሚገኘው ፋት32 የተባለው አደረጃጀት አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበለውም፤ ትርጉሙ ይህንንም ችግር ያስወግዳል።

«ቪኤልሲን በስልክ ላይ መጫን አይበቃም ወይ?» የሚል ክርክር ሰምተናል። ቪኤልሲ በ1996 በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ከተጀመረ ሥራ የተገኘ ነው፤ ብዙ ቋንቋ ስለሚያውቅም ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና ቋንቋውን ማወቁ የፋይሉን ክብደት አያቀልም፤ በስልኩ ውስጥ የሌለውንም ክፍል አይፈጥርም። ስለዚህ ስልኩ አዲስና ቦታውም ሰፊ ለሆነ ሰው በቂ ነው፤ ለሌላው ግን አይደለም።

6ኛ/ በፊደላችን የተጻፈ የግርጌ ጽሑፍ

በባዕድ ቋንቋ ለተሰጠ ትምህርት የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው፣ ጽሑፉ በአንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ ዳሩ ግን የፊደሉ ቅርጽ በስልኩ ውስጥ ከሌለ ምን ይነበባል? መፍትሔው ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ማዋሐድ ነው። ከስኬል ትዕዛዝ ቀጥሎ ነጠላ የላቲን ሰረዝ አድርገን ሳብታይትልስ=ጽሑፍ.ኤስአርቲ ብንጨምር፣ ፊደሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕል ሆኖ ይቀረጻል። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ በኮምፒዩተሩም ላይ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ መኖር አለበት። አንዴ የተዋሐደ ጽሑፍ ሊነሣ ስለማይችል፣ ከሥራው በፊት ጽሑፉ በሚገባ ይታረም።

7ኛ/ ሦስት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ ዋናው ፋይል አይጥፋ። ከግልባጭ ላይ የተገለበጠ ማስታወሻ እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ከትርጉም ላይ የተተረጐመ ቪዲዮም በየጊዜው ይበላሻል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው ይተርጐም።

ሁለተኛ፣ ጥራት በትርጉም አይጨምርም። ደብዛዛ ሆኖ የተቀረጸውን ቁመቱን ብናሳድገው ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ሰሌዳው አይጠራም።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ የመምህሩ ድካም ነውና ከማባዛት በፊት ፈቃዱን መጠየቅ የጨዋ ተማሪ ግዴታ ነው።

ውድ አንባብያን! በየክፍሉ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፈቃደኛ ሰው ቢገኝ ይህ ሥራ ይከናወናል። ከየዓመቱ ክፍል ሁለት ሁለት ተማሪዎች ተመርጠው፣ የሙከራውን ቍራጭ በክፍሉ ውስጥ በሚገኘው እጅግ አሮጌ ስልክ ላይ እንዲያዩት እናሳስባለን። በአሮጌው ላይ የታየ በአዲሱ ላይ መታየቱ አይቀርምና፣ የሥራው መለኪያ ከሁሉ ያነሰው ስልክ እንጂ ከሁሉ የበለጠው አይሁን። ፈተና ሲደርስ የምንወዳደረው በእውቀታችን ይሁን፤ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ዋጋ ግን አይሁን።