ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት፦ ለከፍተኛ የሥራ መሪዎች የሥራ አፈላለግ

የምክትል ፕሬዚዳንት ክፍት ቦታ በሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ሲያዩ፣ ቦርዱ ሁለት ሦስት ስም በልቡ ይዞ ይሆናል። ማስታወቂያው የይስሙላ ነው እያልኩ አይደለም፤ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ያልቃል።

1. ወንበርዎ ላይ ሳሉ ወረቀትዎን ያሟሉ። ከለቀቁ በኋላ ደብዳቤዎን ለመጻፍ የሚቸኩል የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃው የሠሩባቸውን መደቦች በሙሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደቆዩ፣ ደመወዝዎንና የሥራ ግብር መከፈሉን ይግለጽ። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ ብዙዎች ይንቋታል። ከግል ድርጅት የተገኘን ልምድ ግብር ካልተከፈለበት የማይቆጥሩ ቀጣሪዎች ሞልተዋል፤ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ሥራ አስኪያጅ በዚህች መስመር ጉድለት ከማጣሪያው ሲወድቅ አይቻለሁ። ዲግሪዎ የውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የአቻ ግምቱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ይህን ሻንጣ ከማሰሩ በፊት ቢጨርሰው ይሻለዋል።

2. ሲቪዎን ሁለት ገጽ ያድርጉት። «የቅርንጫፎችን ሥራ መምራትና መቆጣጠር» የሚለው ከመደቡ የሥራ ዝርዝር ላይ የተገለበጠ ነው፤ እርስዎን አያሳይም። በምትኩ ለምሳሌ «በ2014 የተረከብኩት ዲስትሪክት የተበላሸ ብድሩ ከመቶ 9 ነበር፤ በ2016 ሳስረክብ ከመቶ 4 ወርዷል» ይበሉና እንዴት እንደወረደ በአንድ መስመር ያስከትሉ። የቦርድ አባል የሚጠይቀው ያንን «እንዴት» ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ምስጢር ግን አይዘርግፉ፤ የሚያነበው ሰው ነገ የእኔንም ያወጣል ብሎ ይፈራል።

3. ሠላሳ ስም ይጻፉ። ጓደኞችዎን ብቻ አይደለም፤ የቀድሞ አለቆችን፣ የውጭ ኦዲተሮችን፣ ጠበቆችን፣ ለቦርዶች ሰው የሚያፈላልጉ አማካሪዎችን። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሰው ቡና ይጋብዙ። «ሥራ ካለ ንገሩኝ» ያሉ እንደሆነ ሰውየው «እሺ፣ እናያለን» ብሎ ይሸኝዎታል። «ጋሼ፣ የውጭ ባንኮች ሊገቡ ነው፤ እናንተን የሚያሳስባችሁ የቱ ነው?» ቢሉት ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ያወራል፤ ክፍት ቦታውም ከዚያ ወሬ ውስጥ ይወጣል። ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በ2017 ሥራ ጀምሯል። ስጋት አስተዳደርንና የፋይናንስ ሪፖርትን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሪ አሁን ይፈለጋል። አዲስ አበባ ግን ጠባብ ናት፤ ለማን ምን እንዳሉ ይያዙ፤ ወሬው ከእርስዎ ቀድሞ አለቃዎ ቢሮ እንዳይገባ።

4. የሊንክድኢን ገጽዎን ያድሱ። በውጭ ድርጅት ወይም በእርዳታ ድርጅት ለሚፈልግ ግድ ነው፤ ለሌላው ከቡናው አይበልጥም።

5. ውሉን በጥርስዎ ይያዙ። እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ አያለሁ፤ «ስለ ገንዘብ መከራከር ያሳፍራል» ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን አይሸፍንም። ግንኙነታችሁን የሚገዛው ውሉና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ማለትም ሾፌርዎ በአዋጁ ያለው ከለላ ለእርስዎ የለም። የማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ ቦርዱ ያለ በቂ ምክንያት ቢያሰናብትዎ የሚከፈለው፣ የዓመት ፈቃዱ፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ሕክምናው፣ የጉርሻው ስሌት፣ ሁሉም በጽሑፍ ይስፈር። የቦርድ ሰብሳቢው በቃል የሰጡት ተስፋ ሰብሳቢው ሲቀየሩ አብሮ ይሄዳል። ደመወዝ ሲነገርዎት የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ ብለው ይጠይቁ፤ የላይኛው የግብር እርከን ከመቶ 35 ነው፤ ከደመወዝዎ የሚቆረጠው ጡረታም ከመቶ 7 ነው።

6. ለመልቀቅ አይቸኩሉ። ቦታው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ከሆነ ቦርዱ ቢመርጥዎም ሹመቱን ብሔራዊ ባንክ ማጽደቅ አለበት። የማጽደቂያው ደብዳቤ ሳይመጣ የመልቀቂያ ማመልከቻዎን አያስገቡ። ከመጣ በኋላ ርክክቡን እስከ መኪናው ቁልፍ ድረስ በዝርዝር አስመዝግበው ያስፈርሙ፤ ክሊራንሱን ይውሰዱ፤ የሁሉንም ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።