ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀች ብስክሌተኛ

በሰሜን ፓኪስታን ባቡሳር የሚባል የተራራ በር አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,173 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ከቺላስ ተነስቶ ወደዚህ በር የሚወጣ መንገደኛ በሚያቃጥል የሸለቆ ሙቀት ይጀምርና ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ተጉዞ በረዶ ላይ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1963 አንዲት የ31 ዓመት አየርላንዳዊት ይህን መንገድ ብቻዋን ወጣችው። የያዘችው ብስክሌት ነበር። መንዳት የሚቻልበት ቦታ ላይ ነዳች፤ መንዳት ሲያቅት ገፋች፤ በረዶው መግፋትንም ሲከለክል ብስክሌቷን ተሸክማ ተሻገረች።

ደርቭላ መርፊ ትባላለች። በዚያ ዓመት ከአውሮፓ ተነስታ ዴልሂ ድረስ በብስክሌት ሄዳለች። ታሪኳን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ድፍረቷ ነው፤ ድፍረቷም እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ከጉዞው በፊት ስለነበረው ረጅም ጊዜ ነው። ይህን ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ አሁን ያላችሁት እንደዚያ ባለ ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ይሰማኛል።

ደርቭላ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1931 ሊዝሞር በምትባል ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት ሁለት የልደት ስጦታዎች ተሰጧት፤ አንዱ ያገለገለ ብስክሌት፣ ሌላው የዓለም ካርታ መጽሐፍ። ብዙም ሳትቆይ በከተማዋ አቅራቢያ ያለ አንድ ዳገት ስትወጣ ፔዳሉን የሚያዞሩትን እግሮቿን ተመለከተች። እነዚህ እግሮች እንዲህ መዞራቸውን ካላቆሙ ሕንድ ሊያደርሱኝ ይችላሉ ብላ አሰበች፤ አስባም ወሰነች።

ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ ሩቅ አገር የታያት ዳገት ላይ ሳለች ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ነፋሱ ፊታችንን ሲዳስሰን፣ የዓለም ጫፍ ሁሉ ቅርብ ይመስለናል። እሷ ግን ትንፋሽ እያጠራት፣ ጭኗ እየተቃጠለ ያንን ልፋት በሺህ ጊዜ አብዝታ ገመተችው፤ ይቻላልም አለች። ገና ከመጀመሪያው ቀን ዋጋውን ያወቀ ሕልም ዕድሜው ረጅም ነው።

ሕንድ የደረሰችው ከሃያ አንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። በመካከሉ ምን ሆነ?

እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም ከአልጋና ከወንበር የማትነሳ ሆነች። ደርቭላ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን ማስታመም ጀመረች። አባቷ የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርና ቤቱ መጽሐፍ አልጠፋበትም፤ ግን የታማሚ ቤት ነው። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማብሰል፣ ሌሊት መነሳት። ዓመታት በተቆጠሩ መጠን ሸክሙ እየከበደ ሄደ። የወጣትነቷን ዘመን በሙሉ በዚያ ቤት አሳለፈችው።

ይህንን ታሪክ ሳነብ ከባቡሳር በረዶ ይልቅ የሚያስቆመኝ ይህ ክፍል ነው። የታመመች እናቷን የምታስታምም ልጅ በእያንዳንዳችን ሰፈር አለች። ታናናሾቹን ለማስተማር የራሱን ትምህርት ያቆመ የበኩር ልጅ አለ። ቤተሰቧን ለማኖር ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለች። ለእነዚህ ሰዎች «ሕልምህን ተከተል፣ ዛሬውኑ ሁሉን ትተህ ውጣ» የሚል ምክር ጭካኔ ነው። ግዴታቸው የፍቅር ግዴታ ነው፤ ጥለው ቢሄዱ የሚጎዳ ሰው አለ። ደርቭላ ጥላ አልሄደችም። ሕንድንም አልተወችም።

ሁለቱን እንዴት አብራ ያዘቻቸው? በቻለችው ልክ እየተጓዘች። በ1951 ወደ ዌልስና ደቡብ እንግሊዝ፣ በ1952 ወደ ቤልጂየም፣ ጀርመንና ፈረንሳይ፣ በ1954ና በ1956 ደግሞ ወደ ስፔን ሄዳ ተመለሰች። አጫጭር ጉዞዎች ነበሩ፤ ሄዳ ወደ ታማሚዋ የምትመለስባቸው። ከእያንዳንዳቸው ግን አንድ ነገር እየተማረች መጣች፤ በቀን ምን ያህል መንዳት እንደምትችል፣ ባዶ ሆድ ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ የማያውቋትን ሰዎች ማደሪያ እንዴት እንደምትጠይቅ። ስለጉዞዎቿ ለጋዜጣና ለመጽሔት ጻፈች። ስለ ስፔን የጻፈችውን መጽሐፍ አሳታሚዎች አንቀበልም አሏት፤ መጻፏን አላቆመችም።

አባቷ በ1961፣ እናቷ በ1962 ዓረፉ። በጥር 1963 ደርቭላ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ያ ክረምት በአውሮፓ የክፍለ ዘመኑ እጅግ ብርዳማ ከሚባሉት አንዱ ነበር። መንገዱ በበረዶ የተዘጋበት ቦታ ላይ በባቡርና በጭነት መኪና ተሳፈረች። «በብስክሌት ብያለሁና ሌላ አልነካም» ብላ በረዶ ውስጥ አልሞተችም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጥሩ ዕቅዶች የሚሞቱት ባለቤቶቻቸው የተለሙትን ቅርጽ ከመድረሻው አስበልጠው ሲወዱት ነው። እገዛ መቀበል ጉዞውን አያረክሰውም።

ስለ ዝግጅቷም ልንገራችሁ፤ ትምህርት አለው። ብስክሌቷ አርምስትሮንግ የተባለ የወንድ ብስክሌት ነበር። ዶን ኪሆቴ የተባለውን የልብ ወለድ ጀግና ፈረስ ስም ሰጥታ ሮዚናንቴ ብላዋለች፤ ሲያጥር ሮዝ። ከመነሳቷ በፊት የብስክሌቱን ማርሽ አስወለቀችው። በፋርስና በአፍጋኒስታን ድንጋያማ መንገድ ላይ ማርሹ ቢሰበር የሚጠግነው እንደማይኖር ገምታለች። ስለዚህ ዳገት የሚያቀልላትን ዕቃ ትታ የማይበላሽባትን ቀላል ብስክሌት መረጠች። መለዋወጫ ጎማ ደግሞ መንገዷ ላይ ወዳሉ ከተሞች ቀድማ ላከች። ዝግጅት ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ምን ሊሰበር እንደሚችል በጸጥታ ማሰብ፣ መፍትሔውንም ከፊት አስቀድሞ ማኖር። እናንተ የምትመኙት ትምህርት ቤት መክፈት ይሁን ድርሰት መጨረስ፣ ያማረ መሣሪያ እስኪሟላ ስትጠብቁ ዓመት እንዳያልፍባችሁ። ባለማርሽ ብስክሌት ሳይኖራት ሂማላያ የደረሰች ሴት አለች።

መንገዱ አልራራላትም። ዩጎዝላቪያ ውስጥ ተኩላዎች ሲመጡባት በያዘችው ሽጉጥ ራሷን ተከላከለች። አፍጋኒስታን ውስጥ በአውቶቡስ ላይ በተነሳ ጠብ በጠመንጃ ሰደፍ ተመትታ ሦስት የጎድን አጥንቶቿ ተሰበሩ። የዘገየችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አገሩን ግን አልጠላችውም፤ እንዲያውም አፍጋኒስታንን አብዝታ ወደደችው። አንድ ክፉ ሰው ያደረሰባትን ጉዳት የሕዝብ ሁሉ ሥራ አድርጋ አልቆጠረችም። ልባችንን ከምሬት መጠበቅ ራሱን የቻለ ጉልበት ነው፤ ረጅም ርቀት የሚያስኬድ ጉልበት።

ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ጎበዝም ሰነፍም እኩል ያለከልካል። ተራራ የሚያውቁ ብስክሌተኞች ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ላለማሳደግ ይጥራሉ፤ በየጥቂት ቀኑም ሙሉ የዕረፍት ቀን ይጨምራሉ። ተራራ ላይ የሚቀመጥበት ቀን የባከነ ቀን አይደለም። አካል ራሱን ከሳሳው አየር ጋር የሚያላምደው በእነዚያ ቀናት ነውና፤ አተነፋፈስ ይስተካከላል፣ ቀይ የደም ሕዋሳትም ቀስ እያሉ ይበዛሉ። ሰነፍኩ ብላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱበት ሳምንት ምናልባት የምትለማመዱበት ሳምንት ይሆናል። ቸኩሎ የወጣን ሰው ግን ከፍታው ራሱን አሳምሞ ወደ ታች ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከብስክሌት ወርዶ መግፋት የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። ደርቭላ ኪሎ ሜትሮችን ገፍታለች። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትርም ቢሆን መድረሻው ይቀርባል። በትምህርታችሁ፣ በሥራችሁ፣ ከሕመም በማገገም ላይ ሳላችሁ የምትገፉበት ወቅት ከመጣ ውረዱና ግፉ። ሰው አይቶ ምን ይለኛል አትበሉ፤ መሪውን ብቻ አትልቀቁ።

በሐምሌ 1963 ዴልሂ ገባች። እዚያም «ጨረስኩ» ብላ አልተቀመጠችም፤ ዳራምሳላ ወደምትባል የሕንድ ከተማ ሄዳ ስደተኛ የቲቤት ሕፃናትን አገለገለች። ሕመምተኛ ማስታመምን በልጅነቷ የተማሩ እጆች እዚያ ይፈለጉ ነበር። በየምሽቱ እየጻፈች ለወዳጆቿ የላከችው የዕለት ማስታወሻም በ1965 መጽሐፍ ሆነ። በስፔን መጽሐፏ እንቢ የተባለችው ሴት ከዚያ በኋላ ከ20 በላይ መጻሕፍት አሳተመች።

ከእነዚህ አንዱ የኛን አገር ይመለከታል። በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ደረሰች። በዚህ ጊዜ ብስክሌቱን ትታ በቅሎ አስከትላ በእግሯ ስሜንን አቋረጠች፤ ጎንደርንና ላሊበላን አይታ አዲስ አበባ ገባች። መጽሐፉ በ1968 ወጣ። የአየርላንድ ዳገት የጀመረላት መንገድ በኛም ገደሎች አልፏል ማለት ነው።

እናንተስ ዘንድሮ ማድረግ የምትችሉት የዌልስ ጉዞ የቱ ነው? ሕንድ ገና ይሆናል፤ የምታስታምሙት ሰው፣ የምትከፍሉት ዕዳ፣ የምታሳድጉት ልጅ ይኖራል። የሦስት ቀን ሥልጠና ሊሆን ይችላል፣ በሌሊት የሚነበብ አንድ ምዕራፍ፣ ለአንድ መጽሔት የሚላክ አንድ ጽሑፍ። ዛሬ ማታ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የምትጀምሩበትን ቀንም አጠገቡ አስፍሩ።

«አሁንማ ዕድሜዬ ሄደ» የምትሉ ካላችሁ፣ ደርቭላ ስልሳ ዓመት ከሞላት በኋላ፣ በ1992፣ እንደገና ብስክሌት ላይ ወጥታ ከኬንያ እስከ ዚምባብዌ ነድታለች።