«የአልቅት ዘር»፡ ከፖክሞን ጨዋታ እስከ ማሽላ ማሳ

መግቢያ

በዲፓርትመንታችን ቡለቲን ላይ ስለ ቪዲዮ ጌም መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። «ባዮሎጂንና ፖክሞንን ምን አገናኛቸው?» ብትሉም አልፈርድባችሁም፤ የዶርም ጓደኞቼም ርዕሱን ሲሰሙ ስቀውብኛል። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለ አንድ የማጥቂያ ስልት በዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ኮርስ ከተማርነው ጥገኛ ተክል ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከሚመሳሰሉበት ይልቅ ደግሞ የሚለያዩበት ነጥብ የበለጠ ያስተምራል። ስለሆነም በዚህ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ስልቱ በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ በማሳችን ላይ ያለው አቀንጭራ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ሁለቱን በማነጻጸር ለገበሬው የሚጠቅም ምን ቁም ነገር እንደምናገኝ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስልቱ በጨዋታው ውስጥ

ፖክሞን እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን የወጣ የቪዲዮ ጌም ሲሆን የካርቱን ፊልሙ ደግሞ በ1997 መታየት ጀመረ። ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ፍጥረቶችን እየያዘና እያሰለጠነ ያጋጥማል። እያንዳንዱ ፍጥረት እንደ እሳት፣ ውኃ፣ ሣር ያለ «ዓይነት» አለው። ከሣር ዓይነቶቹ መካከል በጣም የታወቀው ጀርባው ላይ አምፖል የመሰለ ተክል የተሸከመው ቡልባሶር ነው። ካርቱኑን ያያችሁ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከአሽ ጋር አብሮ ሲጓዝ ታስታውሱታላችሁ።

ቡልባሶር ከሚጠቀምባቸው ስልቶች አንዱ በእንግሊዝኛው «ሊች ሲድ» ይባላል፤ በእኛው ቋንቋ «የአልቅት ዘር» ማለት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቡልባሶር ዘር ይተኩሳል። የመምታት ዕድሉ ከመቶ 90 ነው። ዘሩ ተቃዋሚው ላይ ካረፈ በዚያች ቅጽበት ምንም ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ከተቃዋሚው ሙሉ የሕይወት ነጥብ አንድ ስምንተኛው ይመጠጥና ለዘሪው ይሰጣል። በመጀመሪያው ትውልድ ጨዋታ መጠኑ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነበር፤ ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ አድጓል።

በቁጥር እንየው። የተቃዋሚው የሕይወት ነጥብ 160 ቢሆን በየዙሩ 20 ይቀነስበታል። ማንም ሳይነካው በ8 ዙር አለቀ ማለት ነው። ዘሪው በዚህ ጊዜ ራሱን እየተከላከለ ቢቆይ ይበቃዋል። ጎበዝ ተጫዋቾች ስልቱን የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ አንዴ ዘርቶ መጠበቅ ብቻ!

መከላከያም አለው። የተዘራበት ፍጥረት ከሜዳ ወጥቶ በሌላ ከተተካ ዘሩ ይረግፋል። «ራፒድ ስፒን» የሚባለውን የመሽከርከር ስልት የሚያውቅ ፍጥረትም ተሽከርክሮ ያራግፈዋል። ከሁሉም በላይ ግን የሣር ዓይነት በሆነ ፍጥረት ላይ ዘሩ ከነጭራሹ አይሠራም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙ ራሱ ይናገራል

የስልቱ የጃፓንኛ ስም «ያዶሪጊ ኖ ታኔ» ነው። ያዶሪጊ ማለት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው፣ በእኛ አገር ተቀጥላ የምንለው ዓይነት ተክል ነው። እንግዲህ ስልቱን የፈጠሩት ሰዎች «የተቀጥላ ዘር» ነው ያሉት፤ እንግሊዝኛው ነው ወደ አልቅት የወሰደው። ስለዚህ የሐሳቡ ምንጭ ጥገኛ ተክል ለመሆኑ ስሙ ራሱ ምስክር ነው።

ተቀጥላ ዘሩን የሚያሰራጨው በወፎች አማካይነት ነው። ዘሩ በሚያጣብቅ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ወፏ ፍሬውን በልታ ቅርንጫፍ ላይ ስትጥለው እዚያው ይጣበቅና ይበቅላል። ቀጥሎም ሃውስቶሪየም የተባለ መምጠጫ አካል አውጥቶ የዛፉን ሕብረ ሕዋስ ይበሳል፤ ውኃና ማዕድን ይስባል። ይሁን እንጂ ተቀጥላ ዛፉን ብዙ ጊዜ ቶሎ አይገድለውም። ለእኛ ገበሬ የእውነት «የአልቅት ዘር» ሌላ ነው፤ እሱም አቀንጭራ ነው።

አቀንጭራ ከመሬት በታች

አቀንጭራ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስትራይጋ፣ ውብ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ነው። አበባውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ያህል ክፉ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ደቃቅ ስለሆነ የያዘው ስንቅ ጥቂት ነው። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የአስተናጋጅ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታል። ታዲያ መቼ መብቀል እንዳለበት እንዴት ያውቃል? መልሱ፦ ማሽላው ራሱ ይነግረዋል! የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባሉ ኬሚካሎችን ወደ አፈር ይለቃል፤ በእርጥበትና በሙቀት የተዘጋጀው የአቀንጭራ ዘር ይህን ምልክት ሲያገኝ ይበቅላል።

እዚህ ላይ «ማሽላው ምን ነካው? ጠላቱን ለምን ይጠራል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ ሲጠይቀው የነበረ ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች የመጀመሪያው፣ ስትራይጎል፣ ከጥጥ ሥር ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ተክሉ ለምን እንደሚለቀው ግን ፍንጩ የተገኘው በ2005 ነበር። ማይኮራይዛ የተባሉ ጠቃሚ ፈንገሶች ይህንኑ ኬሚካል ሲያገኙ ወደ ሥሩ ይቀርባሉ፤ ከተክሉ ስኳር እየወሰዱ በለውጡ ፎስፈረስ ያቀብሉታል። በ2008 ደግሞ ኬሚካሉ በተክሉ ውስጥ የቅርንጫፍ ብዛት የሚቆጣጠር ሆርሞን መሆኑ ታወቀ።

ስለሆነም ማሽላው የሚጣራው ወዳጁን ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የሚመጣው ግን ጠላትም ጭምር ነው። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ አፈሩ ፎስፈረስ ባነሰው መጠን ተክሉ አብዝቶ መጣራቱ ነው። አቀንጭራ በተራቆተ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተቸገረው ገበሬ ላይ ችግሩ ይደራረባል ማለት ነው።

ሦስት ልዩነቶች

አሁን ጨዋታውንና ማሳውን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

አንደኛ፣ በጨዋታው ዘሪው ዒላማውን መርጦ ይተኩሳል። በማሳው ግን ዘሩ ቀድሞ መሬት ውስጥ አለ፤ ጥሪውን እየጠበቀ ተኝቷል። ጦርነቱ የሚጀምረው በአጥቂው ሳይሆን በተጠቂው ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ በጨዋታው ከተጠቂው የተመጠጠው ነጥብ ለዘሪው ይሰጣል፤ ሒሳቡ ይገጥማል። በተፈጥሮ ግን አይገጥምም። አቀንጭራ ከማሽላው ውኃ፣ ማዕድንና ስኳር ይወስዳል፤ የማሽላው ጉዳት ግን ከተወሰደበት እጅግ ይበልጣል። የፎቶሲንተሲስ አቅሙ ይወርዳል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ዝናብ እያለ ድርቅ የመታው ይመስላል። ሌባው አንድ እንጀራ ሊሰርቅ ገብቶ ምጣዱን ሰብሮ እንደመሄድ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። በጨዋታው የሣር ዓይነት በዚህ ስልት አይነካም። በማሳው ግን የአቀንጭራ ዋና ተጠቂዎች ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝ ናቸው፤ ጤፍም አይቀርለትም። እነዚህ ሁሉ እኮ የሣር ቤተሰብ ናቸው! በጨዋታው ዓለም የተጠበቀው ወገን በእኛ ዓለም ዋናው ተጠቂ ሆነ። ጥገኛ ተክል የሚኖረው የሌላውን ተክል ቋንቋ በመስማት ነው፤ ሥሩን የሚበሳውም እንደ ራሱ የተክል ሕብረ ሕዋስ ስለሆነ ነው። ዝምድና እዚህ መከላከያ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በሰሜን ወሎ ቆላ ማሽላ የሚያርሱ አጎት አሉኝ። አንድ ክረምት ስለዚሁ ጉዳይ ስንጨዋወት «ነቅለን ነቅለን ማሽላው ያው አልዳነም። ከንቱ ድካም ነው፤ እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ» አሉኝ። አባባላቸው ሐቅ አለበት። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱን አብዛኛውን ከመሬት በታች ጨርሷል። የዘንድሮውን ማሽላ በመንቀል ማዳን ያስቸግራል።

ነገር ግን በዚህ ተነስቶ መንቀል ይቅር ማለት አደገኛ ነው። በጨዋታው ፍጥረቱ ዘሩን ካራገፈ በቃ፣ ሜዳው ንጹሕ ነው። በማሳው ላይ አበባው ሳይፈነዳ ያልተነቀለ አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር አፈር ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ እሱም ከ10 ዓመት በላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ገበሬው የሚነቅለው ለዘንድሮ ምርት ብቻ ሳይሆን ልጁ ለሚያርሰው መሬት ጭምር ነው። ለአጎቴም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ አበባ ሳይዝ ይነቀል፣ አብቦ ከተገኘ ደግሞ ከማሳ አውጥቶ ማቃጠል።

ሁለተኛው መፍትሔ ሰብል ማፈራረቅ ነው፤ በጨዋታው ፍጥረቱን ከሜዳ አውጥቶ በሌላ እንደመተካት። ይሁንና ማሽላውን በማንኛውም ሰብል መተካት አይበቃም። እንደ ጥጥና አኩሪ አተር ያሉት ሰብሎች ኬሚካሉን ለቀው ዘሩን ያበቅሉታል፤ እነሱ ላይ ግን ተጣብቆ ማደግ አይችልም። የበቀለው ዘር የሚያጠባው ስለማያገኝ ይሞታል፤ የአፈሩ የዘር ክምችትም ይቀንሳል። ኮምፖስትና ማዳበሪያ በመጨመር አፈሩን ማዳበርም የማሽላውን ጥሪ ዝቅ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የተሻሻለ ዘር ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን ልጅ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን የቀጠሉት እኚህ ምሁር አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸውና ድርቅን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በኢትዮጵያ «ጎቢዬ» እና «አብሽር» በሚል ስም ለገበሬው የተለቀቁት ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ምስጢሩን ገልጦታል፤ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በአንድ ጂን ለውጥ ምክንያት የሚለቁት የስትራይጎላክቶን ዓይነት ይለያል፤ አቀንጭራ ይህን ዓይነት ብዙም አይሰማውም። ማሽላው መጣራቱን አላቆመም፤ ጠላቱ በማይገባው ቋንቋ መናገር ጀመረ እንጂ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የጨዋታው ፈጣሪዎች ከተፈጥሮ የወሰዱት አንድ ሐቅ ነው፤ ጥገኛ ቀስ ብሎ እየመጠጠ ይጥላል። የቀረውን ለጨዋታ እንዲመች አቅልለውታል፤ ዘሩ ተራግፎ ይወድቃል፣ ሜዳው ይጸዳል፣ ሣርም አይነካም። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች ግን የምንመረቀው ሜዳው ወደማይጸዳበት ዓለም ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በግብርና ቢሮ ወይም በመምህርነት ስንመደብ «መንቀል ምን ይጠቅማል?» የሚል ገበሬ ይገጥመናል። ያን ጊዜ «እርስዎ አያውቁም» ብሎ መገሠጽ አይሠራም፤ ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። ከመሬት በታች ያለውን፣ እሱ ያላየውን፣ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው። ታናናሽ ወንድምና እህቶቻችሁ ፖክሞን ሲጫወቱ ካያችሁ ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ ስለ አቀንጭራ አንድ ነገር ጣል አድርጉላቸው። ጥያቄ ያለው ወይም የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ።

ቸር እንሰንብት።