ማስታወቂያን በደንበኛው ልክ ስለ መሥራት

ይህ ትምህርት ወደ ማስታወቂያ ሥራ ለሚገቡ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የሚያስረዳውም አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ደንበኛ በልኩ የተሠራ ማስታወቂያ ከሌላው በምን ይለያል? ብዙዎች መለያው ቀለሙና ሎጎው፣ ወይም የቀረጻው ጥራት ይመስላቸዋል። አይደለም። በልክ የተሠራ የሚባለው ቃሉ ከደንበኛው ቤት የወጣ፣ ለተፎካካሪው ቢሰጥ ግን የማይሆነው ሥራ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የደንበኛውን ስም አውጡና የተፎካካሪውን አስገቡበት። ማስታወቂያው ምንም ካልጎደለው ያ ሥራ የማንም አይደለም።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ማስታወቂያዎቻችንን በዚህ ብንፈትናቸው ስንቱ ያልፋል? አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች፣ የአገር ልብስ፣ ከኋላ ዋሽንት፣ መጨረሻ ላይ ሎጎ። ሎጎው የባንክ ይሁን የኢንሹራንስ ወይም የቀለም ፋብሪካ እስኪመጣ ድረስ አይታወቅም። ያስጠላል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ዓይን ይስባል። ነገር ግን ተመልካቹ የሚያስታውሰው በዓሉን እንጂ ባንኩን አይደለም። በዓሉን ለማስታወስ ደግሞ የባንኩ ገንዘብ አያስፈልግም ነበር።

ለትምህርቱ ምሳሌ የምናደርገው በ1949 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመውን የማስታወቂያ ድርጅት፣ ዶይል ዴን በርንባክን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በኋላ ከምንጠቅሰው አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የማስታወቂያ ጸሐፊው ጽሑፉን ጨርሶ ለሠዓሊዎች ክፍል ይልክና ሥዕል ይጨመርበት ነበር። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ቢል በርንባክ ጸሐፊውንና አርት ዳይሬክተሩን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ይህ የቢሮ አደረጃጀት ብቻ ይመስላል። ሆኖም ቃልና ምስል ከአንድ ሐሳብ አብረው መወለድ የጀመሩት በዚህ ነው።

በ1959 እኛ አገር ቮልስ የምንላትን ትንሽ መኪና አሜሪካ ውስጥ የማስተዋወቅ ሥራ ወደዚህ ቤት መጣ። ሥራው አስቸጋሪ ነበር። ስለምን ቢሉ፣ አሜሪካዊው በዚያን ጊዜ የሚወደው ረጅም፣ ሰፊ፣ ጭራዋ እንደ ክንፍ የተሳለ መኪና ነው። ይህቺ ግን ትንሽ ናት፤ መልኳም ጥንዚዛ ይመስላል። በዚያ ላይ ፋብሪካውን ያቋቋመው የናዚ መንግሥት ነበር፤ ከድርጅቱ መሥራቾች መካከል ደግሞ በርንባክና ዴን አይሁዳውያን ነበሩ።

ታዲያ ምን አደረጉ? የድርጅቱ ሰዎች ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ድረስ ሄደው ፋብሪካውን አዩ፤ ከመሐንዲሶቹና ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋገሩ። ይዘው የተመለሱት መፈክር ሳይሆን መረጃ ነው። አርት ዳይሬክተሩ ሄልሙት ክሮን መኪናዋን በሰፊ ነጭ ገጽ ጥግ ላይ ትንሽ አድርጎ አስቀመጣት፤ ጁልያን ኬኒግ የጻፈው ጽሑፍም ትንሽነቷን በነዳጅ፣ በኢንሹራንስ፣ በማቆሚያ ቦታ እየተመነዘረ የሚገኝ ጥቅም አድርጎ አቀረበው። ቀጥሎ የመጣው ማስታወቂያ መኪናዋን በርዕሱ “ብልሽት” ብሎ ይሰድባታል። ከታች ያለውን ያነበበ ግን ምክንያቱን ያገኛል፤ በዕቃ ማስቀመጫዋ ክዳን ላይ ያለው የክሮም ጌጥ ነጥብ ስላለበት ተቆጣጣሪው መልሷታል። ፋብሪካው በቀን 3,000 መኪና ሲያመርት፣ ሥራቸው መፈተሽ ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች እንዳሉትም ጽሑፉ ይናገራል። እስቲ አስተውሉ፤ ያን የክሮም ጌጥ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ማን ሊፈጥረው ይችላል? ዝርዝሩ ከምርመራው መስመር ላይ የተለቀመ ነው። እኔ በበኩሌ ከዝነኛው ነጭ ገጽ ይልቅ ይህን ጽሑፍ አበልጣለሁ። ነጩን ገጽ ብዙዎች ቀድተውታል፤ የክሮሙን ጌጥ ግን ማንም ሊቀዳው አልቻለም።

ምስጢሩ የራስን ጉድለት መናገር ነው ወይ ቢሉ፣ አይደለም። እንዲህ ብሎ የተረዳ ሰው ሌላ ቅጂ ሊሠራ ነው። የሁለተኛውን ደንበኛ ነገር እንይ። ኤቪስ የሚባለው የመኪና አከራይ ድርጅት ለ13 ዓመታት ትርፍ አላየም ነበር። በ1962 መሪነቱን የያዘው ሮበርት ታውንሰንድ ወደ በርንባክ መጥቶ በ1 ሚሊዮን ዶላር የ5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያገኝ ጠየቀ። በርንባክ ሁለት ነገር ጠየቀው፤ ሥራችሁን የምናጠናበት 90 ቀን ስጡን፣ ከዚያ በኋላ የምናመጣውን ሳትነኩ አትሙ። ታውንሰንድ ተስማማ። ማስታወቂያን እኛ ከነሱ አናውቅም፣ መኪና ማከራየትንም እነሱ ከኛ አያውቁም በሚል መንፈስ ስምምነቱን በጽሑፍ አኖረው።

የማስታወቂያው ሰዎች በጥናታቸው ወቅት መኪናዎቻችሁ የተሻሉ ናቸው ወይ፣ ቅርንጫፋችሁ ይበዛል ወይ፣ ዋጋችሁ ይቀንሳል ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ ሁሉ አይደለም ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ ገበያውን ከሚመራው ከኸርትዝ ይልቅ ይበልጥ እንደሚጥሩ። የድርጅቱ ጸሐፊ ፖላ ግሪን ከዚህ ተነስታ ሁለተኛ ነን፣ ስለዚህ ይበልጥ እንጥራለን የሚለውን ሐሳብ ጻፈች። የኤቪስ ሁለተኝነት ለቮልስ አይሆናትም፣ የቮልስ ትንሽነትም ለኤቪስ አይሆንም። አርት ዳይሬክተሩ ግን ያው ክሮን ነው። ለቮልስ የሠራውን ገጽ አልደገመም፤ ገለበጠው እንጂ። በቮልስ ገጽ ላይ ፎቶግራፉ ሰፊ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነበር፤ በኤቪስ ላይ ፎቶግራፉ አነሰ፣ ፊደሉ ገዘፈ። ሁለቱን ሥራ ያየ ሰው የአንድ ሰው እጅ መሆኑን በቀላሉ አይለይም።

በዚህ ላይ ተማሪው ሊያጤነው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በልክ የተሠራ ማስታወቂያ ደንበኛውን ያስረዋል። ኤቪስ የሲጋራ መተርኮሻው ሳይጸዳ መኪና አናከራይም ብሎ በማስታወቂያ ቃል ገባ። ማስታወቂያዎቹን ከሚጽፉት አንዱ የኤቪስን መኪና ሲከራይ መተርኮሻው ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ አገኘ። ያን ራሱን ሌላ ማስታወቂያ አደረጉት፤ ኑሮዬ ለኤቪስ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፣ ውሸታም ግን አይደለሁም እያለ ጸሐፊው አከራዩን የሚወቅስበት። ይህን ለማተም የደንበኛው ሆድ ሰፊ መሆን አለበት። መኪና አጣቢው የድርጅቱን ቃል ካልጠበቀ የጸሐፊው ብልሃት አያድንም። “ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” የሚባለው ለዚህ ነው። ዘመቻው በተጀመረ በዓመቱ ኤቪስ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ተሻገረ። ትርፉን ሁሉ ማስታወቂያው አመጣው ማለት ግን ታውንሰንድ በድርጅቱ ውስጥ የለወጠውን መዘንጋት ይሆናል።

ለብሩክሊኑ ሌቪስ ዳቦ ቤት የሠሩት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የአይሁድ የሚባለውን ዳቦ አይሁዳዊ ያልሆኑ የኒውዮርክ ሰዎች ሲበሉ በፎቶግራፍ አሳይተው በምድር ባቡር ጣቢያዎች ለጠፉት። ጉድለት የለበትም፣ ሁለተኝነት የለበትም፤ ዳቦና የከተማው ሰው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ 90 ቀን ማን ይሰጠናል? ማንም። የሚመጣው አንድ ገጽ ብሪፍ፣ ማለትም የደንበኛው የሥራ ማዘዣ ነው፤ ዘመናዊ ይሁን፣ ወጣቶችን ይድረስ፣ ለሳምንት ማክሰኞ እንፈልገዋለን ይላል። እንግዲህ ከዚያች ሳምንት ላይ አንድ ቀን ቀንሱ። ደንበኛው ባንክ ከሆነ ቅርንጫፉ ውስጥ ገብታችሁ ወረፋ ያዙ። ከሥራ አስኪያጁ በፊት ገንዘብ ከፋይዋን አነጋግሩ፤ ሰዎች በብዛት የሚመለሱት በምን ጉዳይ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። የቅሬታ መዝገቡን ለማየት ፍቀዱልን በሉ። ጥበቃው እንኳ አዛውንቶች በር ላይ ቆመው ምን እንደሚጠይቁ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ብሪፉን ራሳችሁ እንደገና ጽፋችሁ ለደንበኛው መልሱለት። ከተናደደ ጥሩ ነው፤ ክርክሩ ገንዘቡ ሳይወጣ ተጀመረ ማለት ነው።

ደንበኛውን ማጥናት ደንበኛውን መታዘዝ እንዳልሆነም እወቁ። ሥራ አስኪያጁ “በኢትዮጵያ ቀዳሚ” ብላችሁ ጻፉልኝ ሲል፣ በምን ቀዳሚ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ቀዳሚ ነን የሚል ቃል የማንም ስም ሊገባበት የሚችል ነውና ከላይ ባየነው መፈተኛ ይወድቃል።

በዚህ መንገድ የተገኘ ቃል ቶሎ አያረጅም። ኤቪስ ይበልጥ እንጥራለን የሚለውን መፈክር የተወው በ2012 ነው፤ 50 ዓመት ያህል ሠርቶበታል።