የኢንተርኔቱ ሒሳብ በማን ስም ነው?

በአሽቀሎን ታሃና መርካዚት አውቶቡስ ስንጠብቅ «ሁሉንም ቻናል የሚያሳይ ሳጥን በርካሽ ገዛሁ» የሚል ወሬ እንሰማለን። እኛ የሰፈር ነርሶች ሥራችን የደም ግፊትና ስኳር መለካት ነው። ሆኖም «ልጁ ፊልም አውርዶ እኔ እከሰስ ይሆን?» ብለው እንቅልፍ ያጡ እናቶች ወደ እኛም ስለሚመጡ፣ ነገሩን መማር ግድ ሆነብን።

በእስራኤል የፊልምና የዘፈን ባለቤትን የሚጠብቀው የ2007ቱ የቅጂ መብት ሕግ ነው። ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት ባያስረዳም እንኳ ፍርድ ቤት ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሸቀል ሊፈርድ ይችላል። በ2019 መጀመሪያ ላይ ክኔሴት ሕጉን አሻሻለው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት የተሰረቀ ፊልም የሚያሰራጭን ድረ ገጽ የኢንተርኔት ኩባንያዎች እንዲዘጉት ማዘዝ ይችላል፤ ስሙን ደብቆ የጫነው ሰው ማን እንደሆነ እንዲገለጥም ማዘዝ ይችላል። ልብ በሉ፣ የሚያዝዘው ዳኛ ነው። ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ስማችሁን ለከሳሽ አሳልፎ አይሰጥም።

ታዲያ በዚህ ጥበቃ የሚጠቀመው ማን ነው? ቤዜክ ኢንተርኔት ይሸጣል፤ «የስ» የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥንም የእርሱ ነው። ሆት በአንድ ሒሳብ ኢንተርኔትም ቴሌቪዥንም ያቀርባል። ድረ ገጾች እንዲዘጉ ፍርድ ቤት ከሚሄዱት መካከል ዋናው «ዚራ» የተባለው የባለመብቶች ማኅበር ነው፤ ሆትና የስ ከአባላቱ ናቸው። ዘበኛውና ባለሱቁ አንድ ቤት ይኖራሉ ማለት ነው። የተዘጋው ድረ ገጽ ተመልካች ነገ የእነርሱን ሐቪላ ይገዛል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ይህን ስንል የሌባውን ሳጥን ማመስገናችን አይደለም፤ ሳጥን ሻጩ ለዘፋኙ አንዲት አጎራ አይከፍልም። የአማርኛ ሙዚቀኞች ይህን ያውቁታል። በ2019 ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያወጡት ሥራቸው በነፃ ስለሚዘረፍ ነበር። እዚያም ቢሆን ክፍያው የሚያልፈው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጆች «ቶረንት» በሚሉት መንገድ ፊልም ሲያወርዱ ኮምፒዩተሩ በዚያው ቅጽበት ፊልሙን ለሌሎች ያካፍላል። ልጁ ተመልካች ብቻ የሆነ ይመስለዋል፣ በተግባር ግን አሰራጭም ሆኗል። የኢንተርኔቱ ሒሳብ የሚመጣው በአባት ወይም በአያት ስም ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈለጉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ሳትቆጡ ጠይቋቸው። ከተቆጣችሁ ይደብቃሉ።

«ካሳ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ደብዳቤው ፍርድ አይደለም። አትክፈሉ፣ አትፈርሙ፣ ግን ወደ ቆሻሻም አትጣሉት፤ ቀን ሊኖረው ይችላልና ዕብራይስጥ በደንብ ለሚያነብ ሰው፣ ከዚያም ለጠበቃ አሳዩት። ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው የፍትሕ ሚኒስቴርን ስዩዓ ሚሽፓቲ መጠየቅ ይችላል። በስልክ መልእክት ሊንክ ልኮ የክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ግን አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ያዙት።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ነገር ከተበላሸ ወይም ቻናሎቹ ድንገት ከጠፉ የምትጠይቁት ሰው የለም። በሕጋዊ መንገድ ለሚሸጠው ሐቪላም መብት አለ። ሻጭ በስልክ አነጋግሮ ያዋዋላችሁ ከሆነ፣ ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ወደ አገር ከገቡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ዖሊም ውሉን በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። ሌላው ሰው 14 ቀን አለው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሆራአት ኬቫው መቆሙን ባንክ ሄዳችሁ አረጋግጡ።