ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ «ካለ»፣ «ቢኖር»፣ «ቢኖር ኖሮ» (ስለ ገጠር ኢንተርኔት በማስረጃ መጻፍ)

«የኢንተርኔት ጥቅም ለገጠር ሕዝብ» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፉ የተባሉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። «ኢንተርኔት ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው» ይላሉ። ቀጥለውም «ዓለምን አንድ መንደር አድርጓል» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚጽፉት ስለሚያጡ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ይደግሙታል። የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በመምህርነት ዘመኑ እንዲህ ያሉ ድርሰቶችን በቁልል አርሟል። የብዙዎቹ ጉድለት የሰዋስው አልነበረም፤ ቦታም፣ ጊዜም፣ ሰውም የሌለባቸው መሆኑ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ቦታ መርጠን፣ በዚያ ቦታ በእርግጥ የሆነውን ይዘን እንነሣለን። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

ይፋግ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ልብ ሳይላት ሊያልፍ ይችላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ስሟ በሰሜን ኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። አሞሌ ጨውና ቡና ከየአቅጣጫው እየተጫነ የሚገናኝባት፣ ቀረጥም የሚከፈልባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ወደ ገበያዋ ከዕቃው ጋር ወሬም ይገባ ነበር። ጨው በጎንደር ስንት እንደ ዋለ፣ የትኛውን መንገድ ሽፍታ እንደ ያዘው፣ በየትኛው አገር በሽታ እንደ ገባ የሚሰማው ከሲራራ ነጋዴ አፍ ነበር። ወሬው የሚደርሰውም በበቅሎ እርምጃ ልክ ነው።

ከይፋግ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ደለል የሚያለብሱት ለም መሬት ነው። በፎገራ ከብት የታወቀው ይህ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል። ይሁን እንጂ ያው ለምነትን የሚያመጣ ውኃ መከራም ያመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

ከዚህ ጎርፍ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በሊቦ ከምከም የገጠር ቀበሌዎች ሰዎች ትኩሳት ይዟቸው፣ ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ጀመር። በሽታው ወባ መሰለ። የወባ መድኃኒት ሲሰጥ ባለመሻሉም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ወረርሽኙ የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ እንደ ነበር አመለከተ። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጤና ሠራተኞች ጋር በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ካላዛር ለኢትዮጵያ አዲስ በሽታ አልነበረም። በሑመራና በመተማ ቆላ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። ወደ ይፋግ አካባቢ ያመጡትም ለአጨዳና ለአረም ወደዚያ ቆላ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። እንግዲህ በሽታው ከሑመራ ሊቦ በሰው እግር ደርሷል፤ በሑመራ ያለው የበሽታው ዕውቀት ግን አብሮት አልደረሰም። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነውና። ሆኖም ለገጠር ጤና ኬላ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የእጅ ስልክ ገጠር ገብቷል። በ2006 ዓ.ም. ገበሬዎች በ8028 ደውለው የእርሻ ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በድምፅ የሚሰሙበት አገልግሎት ተከፍቷል፤ ይህ ኢንተርኔት የማይጠይቅ በመሆኑ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዱ ተማሪ በወረቀት፣ ለአንዳንዱ በኮምፒዩተር በበይነ መረብ ተሰጥቷል። የገባውም ቢሆን ይቋረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በተወሰኑ ከተሞች እንደ ገና መከፈት የጀመረው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ለ. ስለ ቃላት

1. ኔትወርክ አለ፦ ይህ አነጋገር በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው፤ ለድርሰት ግን አሳሳች ነው። ስልክ ደውሎ ድምፅ መስማት የቻለ ሰው «ኔትወርክ አለ» ይላል። መጽሐፍ ከኢንተርኔት ለማውረድ የሞከረ ተማሪ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት «ኔትወርክ የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስትጽፉ ምን እንዳለና ምን እንደ ሌለ ለይታችሁ ጻፉ።

2. ብሮድባንድ፦ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ፣ በፍጥነትና ሳይቆራረጥ የሚያሳልፍ የኢንተርኔት መስመር ማለት ነው። መስመሩ ከመሬት በታች ወይም በምሰሶ በተዘረጋ የብርሃን ገመድ፣ በማማ ወይም በሳተላይት ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱን በስሌት ማየት ይሻላል። 40 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አለ እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ መጽሐፉ 320 ሜጋቢት ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር በ160 ሰከንድ፣ ማለትም በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወርዳል። በሰከንድ 100 ኪሎቢት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር ግን 3,200 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም ከ53 ደቂቃ በላይ ነው። አምሳኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ እንደ ገና ከመጀመሪያው መነሣት ያስፈልጋል። ይህን ስሌት በድርሰቱ ውስጥ ያስገባ ተማሪ «እጅግ በጣም ፈጣን ነው» ብሎ ከጻፈው ይልቅ አንባቢውን ያሳምናል።

ሐ. ሰዋስው፦ የሁኔታ ሐረግ

ስለ ሌለ ነገር ጥቅም የሚጽፍ ሰው ያለ ሁኔታ ሐረግ ሊጽፍ አይችልም። የሁኔታ ሐረግ ጥገኛ ሐረግ ነው፤ ሙሉ ሐሳብ የሚሰጠው ከዋናው ሐረግ ጋር ሲጣመር ነው። ሦስቱን ዐይነቶች ተመልከቱ።

«መስመር ካለ የፈተና ውጤታችንን እዚሁ እናያለን።» እዚህ ላይ «ከ» የተባለው ባዕድ መነሻ ከኃላፊ ግሥ ጋር ገብቷል። ተናጋሪው መስመሩ ሊኖርም ላይኖርም እንደሚችል ያውቃል፤ ነገሩ ግን የሚያጋጥም ነው። አሉታው «ከሌለ» ነው።

«በቀበሌው ፈጣን መስመር ቢኖር ገበሬው የታመመውን የሩዝ ቅጠል ፎቶግራፍ አንሥቶ በወረታ ላለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ሊያሳይ ይችላል።» እዚህ «ብ» ከትንቢት ግሥ ጋር ገብቷል፤ ከሦስተኛ መደብ «ይ» ጋር ሲገናኝ «ቢ» ይሆናል፤ ብኖር፣ ብትኖር፣ ቢኖር፣ ብንኖር እያላችሁ አርቡት። ሐሳቡ ገና ያልሆነ፣ ነገር ግን ሊሆን የሚችል ነው። አሉታው «ባይኖር» ነው።

«በጤና ኬላው መስመር ቢኖር ኖሮ በሽታው ቀደም ብሎ ሊታወቅ ይችል ነበር።» «ኖሮ» ሲጨመር ጊዜው አልፏል፤ አሁን ልንለውጠው አንችልም። በዚህ ቅርጽ ዋናው ሐረግ በ«ነበር» ይታሰራል።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት አንደኛውን ከሦስተኛው ሲያደባልቁ ነው። «ኢንተርኔት ካለ በሽታው ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር» ይላሉ። «ካለ» እና «ነበር» የሚስማሙት የቆየ ልማድ ሲነገር ነው። «የሲራራ ነጋዴ ይፋግ ከደረሰ ወሬ ይሰማ ነበር» ብንል ትክክል ነው፤ ነጋዴው በእርግጥ ይደርስ ነበርና። አንድ ጊዜ ሊሆን ሲችል ስላልሆነ ነገር ግን «ቢኖር ኖሮ» ማለት ይገባል።

አሁን የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

1. ብሮድባንድ ቢኖር ኖሮ በካላዛር ማንም ባልሞተ ነበር።
2. ብሮድባንድ ቢኖር ኖሮ በሽታው በወሩ በታወቀ ነበር።
3. ብሮድባንድ ቢኖር ኖሮ የጤና ሠራተኛው የበሽተኞቹን ምልክት በሑመራ ላለ ሐኪም ልኮ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

በሰዋስው ሦስቱም ትክክል ናቸው። በማስረጃ ግን አይተካከሉም። አንደኛው ሐሰት ነው ማለት ይቻላል፤ የበሽታውን ስም ማወቅ መድኃኒት አይደለምና። ለካላዛር ምርመራ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው መድኃኒትም ለሳምንታት በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ ነው። መድኃኒቱንም፣ መርፌ የሚወጋውንም ሰው ገመድ አያመጣቸውም። ሁለተኛው «በታወቀ ነበር» ሲል እርግጠኛ ሆኖ ይናገራል፤ «በወሩ» ለሚለው ግን ምንም ማስረጃ የለውም። ሦስተኛው የሚለው ጥቂት ነው፤ የሚለው ግን አይፈርስም። «ይችል» የምትለዋን ቃል ተማሪዎች ድርሰትን የምታደክም መስላ ስለምትታያቸው ይሰርዟታል። አትሰርዟት። ሁለት ዓመት ያህል በተሳሳተ ስም ስለ ታከሙ ሰዎች የሚጽፍ ሰው ከሚያውቀው በላይ ማለት የለበትም፤ ከሚያውቀውም ማሳነስ የለበትም።

መ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አርሙ፤ ለምን እንዳረማችሁም በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
   ሀ) በ1998 ዓ.ም. የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በየስልኩ ከደረሰ ሰዎች ከብቶቻቸውን ያወጡ ነበር።
   ለ) መስመሩ ባይቋረጥ ኖሮ ነገ መጽሐፉን እናወርዳለን።

2. የ8028 የድምፅ አገልግሎት ኢንተርኔት አይጠይቅም። «እንግዲያው ገጠር ብሮድባንድ አያስፈልገውም» ብሎ ለሚከራከር ሰው በአንድ አንቀጽ መልሱለት። በመልሳችሁ በድምፅ ሊነገር የማይችል፣ መታየት ያለበት አንድ ነገር ጥቀሱ።

3. 25 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ሥዕላዊ ፊልም በሰከንድ 2 ሜጋቢትና በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያሳልፉ መስመሮች ስንት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስሉ። ውጤቱን በ«ቢኖር» በሚጀምር ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

4. በምንባቡ ውስጥ በሽታው ደርሶ ዕውቀቱ ያልደረሰበትን አንቀጽ እንደ ገና አንብቡ። ከዚያም በአካባቢያችሁ ያለ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም መምህር ጠይቁ፦ ሊያውቁት ፈልገው በጊዜው ያልደረሳቸው ነገር ምን ነበር? የነገሯችሁን ከጊዜውና ከቦታው ጋር መዝግባችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሆነውን ብቻ ንገሩ፤ «ቢኖር ኖሮ» በሁለተኛው ይግባ።