ስድስት ጊዜ የሳተው ሚሳይል፦ የታድ ፕሮግራም ለፕሮጀክት አመራር የሰጠው ትምህርት

የመሣሪያው ምንነት

ታድ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሥርዓት የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር የባሊስቲክ ሚሳይል ጥቃትን ለመመከት ያሠራው መሣሪያ ነው። ባሊስቲክ ሚሳይል የሚባለው በሞተር ኃይል ወደ ላይ ከተወነጨፈ በኋላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ቀሪውን መንገድ በያዘው ፍጥነትና በመሬት ስበት የሚጨርስ ሚሳይል ነው። ታድ እንዲህ ያለውን ሚሳይል የሚያገኘው ወደ ምድር ሲወርድ፣ በከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ውስጥ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ሥርዓቱ አራት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነሱም ራዳር፣ በከባድ መኪና ላይ የተጫነ ማስወንጨፊያ፣ የትእዛዝና የመገናኛ ጣቢያ፣ እንዲሁም መከላከያ ሚሳይሉ ራሱ ናቸው።

መከላከያ ሚሳይሉ ፈንጂ አይሸከምም። አስወንጫፊ ሞተሩ ተቃጥሎ ሲያልቅ ጫፉ ላይ ያለው መቺ ክፍል ተለይቶ ይወጣል። መቺው ክፍል በኢንፍራሬድ ሴንሰር (የአካላትን ሙቀት በሚለይ ዐይን) ዒላማውን ይፈልጋል፤ በአካሉ ዙሪያ በተተከሉ ትንንሽ ሮኬቶች አቅጣጫውን እያስተካከለ ሄዶ በቀጥታ ይላተመዋል። ዒላማው የሚጠፋው በግጭቱ ኃይል ብቻ ነው። ሁለቱ የሚቀራረቡት በሰከንድ በርካታ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለሆነ በቅርብ ርቀት ማለፍ ምንም ጥቅም የለውም።

ፕሮግራሙ የተጣደፈበት ምክንያት

የታድ ታሪክ ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ጦርነት ኢራቅ ስከድ የተባሉ ባሊስቲክ ሚሳይሎችን ወደ እስራኤልና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተኮሰች። ፌብሩዋሪ 25 ቀን አንዱ ስከድ ዳህራን ላይ የአሜሪካ ወታደሮች የሚኖሩበትን ሰፈር መትቶ 28 ወታደሮችን ገደለ። አካባቢውን ይጠብቅ የነበረው የፓትሪዮት መከላከያ ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ በመሥራቱ የኮምፒዩተሩ የሰዓት ስሌት ወደ ሲሶ ሰከንድ ገደማ ተዛንፎ ነበር፤ በዚህም የተነሳ ራዳሩ የሚመጣውን ሚሳይል በተሳሳተ ቦታ ፈለገው። ፓትሪዮት በዝቅተኛ ከፍታ የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ፣ ቢስት ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ከእሱ በላይ የሚቆም ሌላ ጋሻ አልነበረም።

የአሜሪካ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ባወጣው የሚሳይል መከላከያ ሕግ የተሻሻለ መከላከያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንዲሰማራ ጠየቀ። በሴፕቴምበር 1992 የታድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውል ለሎክሂድ ኩባንያ ተሰጠ፤ ኩባንያው በ1995 ከማርቲን ማሪየታ ጋር ተዋሕዶ ሎክሂድ ማርቲን ሆኗል። ይህ ምዕራፍ በባሕርዩ ሐሳቡ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጥበት የሙከራ ዘመን ነው። ሆኖም ሌላ ግዴታ ተጨመረበት። ጦርነት ድንገት ቢነሳ ወደ ግንባር ሊላኩ የሚችሉ 40 ያህል ፕሮቶታይፕ ሚሳይሎች (ለሙከራ የተሠሩ የመጀመሪያ ናሙናዎች) እንዲዘጋጁ ታቀደ፤ ግዢውንም ለመፍቀድ አንድ የተሳካ ምት ብቻ እንደሚበቃ ታሰበ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ናሙና የሚሠራው ስህተቱ እንዲገለጥ ነው፤ ለጦር ሜዳ የሚላክ መሣሪያ ግን ስህተቱ አስቀድሞ የታረመ መሆን አለበት። ሁለቱን ዓላማዎች አንድ ዕቃ ላይ መጫን በፕሮጀክት አመራር ተደራራቢ አሠራር ይባላል (ንድፍ፣ ሙከራና ግዢ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጎን ለጎን የሚሄዱበት አሠራር)። ተደራራቢነት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ቴክኖሎጂው የታወቀ ሲሆን ጊዜ ይቆጥባል። በታድ ጊዜ ግን ዒላማን በግጭት ብቻ የማጥፋት ዘዴ ገና ብዙ ያልተፈተነ ነበር።

ስድስቱ ሙከራዎች የተሰናከሉበት ቦታ

በረራዎቹ የተጀመሩት በአፕሪል 1995 በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሚገኘው የዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በረራዎች ዒላማ እንዲመቱ የታቀዱ አልነበሩም። ዒላማ ለመምታት የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ዲሴምበር 13 ቀን 1995 ሲሆን፣ የሶፍትዌር ስህተት ሚሳይሉን አላስፈላጊ እንቅስቃሴ አሠራውና መቺው ክፍል የአቅጣጫ ማስተካከያ ነዳጁን ጨርሶ ዒላማውን ሳተ። በማርች 1996 መቺው ክፍል ከአስወንጫፊው በሚለይበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ በትክክል ስላልተላቀቀ ትእዛዝ መቀበል አቆመ። በጁላይ 1996 ደግሞ የተበላሸው ኢላማ ፈላጊው ዐይን ነበር።

በማርች 1997 በኤሌክትሪክ መስመሩ ውስጥ የገባ ቆሻሻ የአቅጣጫ ማስተካከያ ሮኬቶቹን ከሥራ ውጪ አደረጋቸው። በሜይ 1998 አስወንጫፊው ውስጥ በተፈጠረ ሾርት (የኤሌክትሪክ መስመሮች ያለ ቦታቸው መነካካት) ሚሳይሉ እንደተነሳ ከቁጥጥር ወጣ። ማርች 29 ቀን 1999 በተደረገው ስድስተኛ ሙከራ አንደኛው ትንሽ ሮኬት ሳይሠራ ቀረ። ስድስት ሙከራ፣ ስድስት ልዩ ልዩ ብልሽት።

ብልሽቶቹ መለያየታቸው ከቁጥራቸው ይልቅ አሳሳቢ ነበር። አንድ ክፍል ደጋግሞ ቢበላሽ ኖሮ ችግሩ በዚያ ክፍል ንድፍ ላይ መሆኑ ይታወቃል፤ መሐንዲሶቹም ያንን ያርማሉ። እዚህ ግን ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ የተሠራው እርማት ለቀጣዩ ሙከራ አልጠቀመም፤ ቀጣዩ የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ይህ ዓይነቱ ውጤት ጥፋቱ ዕቃዎቹ ከሚሠሩበትና ከሚፈተሹበት መንገድ ላይ መሆኑን ያመለክታል። የክፍሎቹን ንድፍ አንድ በአንድ መመርመር ብቻውን አይፈታውም።

ሳይፈተን የቀረው ዋናው ጥያቄ

የፕሮግራሙ ከባድ ሳይንሳዊ ጥያቄ አንድ ነበር። መቺው ክፍል በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዒላማውን ለይቶ፣ ራሱን አስተካክሎ ሊላተመው ይችላል ወይ? ይህንን ለማወቅ ሚሳይሉ መጀመሪያ እስከዚያ ሰከንድ ድረስ ጤነኛ ሆኖ መድረስ አለበት። አብዛኞቹ ሙከራዎች ግን ከዚያ በፊት ተሰናከሉ። በዚህ ምክንያት ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈም በኋላ ስለ ዋናው ጥያቄ የተገኘው ዕውቀት እጅግ ጥቂት ነበር። ዘዴው የማይሠራ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የሚሠራ መሆኑም እንደዚያው።

በተከታታይ ሂደት ውስጥ ቀድሞ የሚመጣ ብልሽት ከኋላው ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ማገናኛ ገመዱ የማይላቀቅ ከሆነ የኢላማ ፈላጊው ጉድለት አይታይም፤ ኢላማ ፈላጊው ካልሠራ የሮኬቶቹ ጉድለት አይታወቅም። ስለዚህ ርካሽና ቀላል የሆኑት ክፍሎች አስቀድመው በምድር ላይ መፈተሽ ይኖርባቸዋል፤ የቆሸሸ ማገናኛን ለማግኘት ሚሳይል መተኮስ አያስፈልግም። በታድ ጊዜ ወጡ የተቀመሰው ለእንግዳው ከቀረበ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምርመራው ያገኘው ሥር

የመከላከያ ሚኒስቴር በጡረታ ላይ በነበሩት የአየር ኃይል ጄኔራል ላሪ ዌልች የሚመራ ቡድን የሚሳይል መከላከያ የበረራ ሙከራዎችን እንዲመረምር አደረገ። ቡድኑ በፌብሩዋሪ 1998 ባቀረበው ሪፖርት ከምድር ላይ ሙከራ ጉድለት፣ ከዕቃዎች አሠራር ጥራት ማነስና ከመንግሥት ቁጥጥር መላላት በላይ የቆመ አንድ ነገር አየ፤ አካሄዱን በአጠቃላይ ወደ ውድቀት መጣደፍ ሲል ጠራው። ኃላፊዎቹ የበረራ ቀኑ እንዳያልፍባቸው የምድር ላይ ምርመራውን ያሳጥራሉ፤ ሙከራው ሲወድቅ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል፤ ያጠረው ጊዜ ደግሞ ቀጣዩን ምርመራ ያሳጥራል።

ለኮንግረስ የሚሠራው የሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ሌላ እንቅፋት ጠቁሟል። ለበረራ ሙከራ የተመደቡት ሚሳይሎች አብዛኛው አካላቸው የተመረተው የኩባንያው የጥራት ቁጥጥር ገና ደካማ በነበረበት ጊዜ ነበር። በመሆኑም ቁጥጥሩ በኋላ ሲጠብቅ ቀድመው የተሠሩት ሚሳይሎች ጉድለታቸውን ይዘው በመጋዘን ተቀምጠዋል። ንድፍ ሳይረጋገጥ በብዛት ማምረት የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው። ስህተቱ ቢታወቅም የተሠራውን ዕቃ ሁሉ ፈትቶ መልሶ መሥራት አይቻልም፤ በተለይም በታሸገ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ።

የገንዘብ ውሉ ድርሻ

በመጀመሪያው ውል ኩባንያው ወጪ አይጋራም ነበር። መንግሥት ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ከተጨማሪ ክፍያ ጋር የሚሸፍንበት ዓይነት ውል ነበር። እንዲህ ያለ ውል ለአዲስ ምርምር ተገቢ ነው፤ ማንም ኩባንያ ያልታወቀ ወጪን በራሱ ኪስ ሊሸከም አይፈልግምና። ጉዳቱ ግን ሙከራ ሲወድቅ የምርመራውንና የእርማቱን ወጪ የሚከፍለው መንግሥት መሆኑ ነው።

በ1998 ይህ ተለወጠ። ሎክሂድ ማርቲን ቀጣዮቹ ሙከራዎች ካልተሳኩ እስከ 75 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲከፍል ተስማማ፤ የማርች 1999ኙ ሙከራ ሲስት 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ ከፕሮግራሙ ስፋት አንጻር ትንሽ ነው። ጥቅሙ የኩባንያውን የበላይ አመራር ትኩረት ወደ ፋብሪካው መሳቡ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቆሸሸውን ማገናኛ ግን ገንዘብ አያጸዳውም።

እርማቱ ስድስት ዓመት የፈጀበት ምክንያት

ጁን 10 ቀን 1999 ታድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዒላማውን መታ፤ ኦገስት 2 ቀን ደግሞ ደገመው። ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ለመሻገር ሦስት ምት ያስፈልጋል ተብሎ ነበር፤ ሚኒስቴሩ ግን በሁለቱ ረካ። በአንድ በኩል ሲታይ የቀድሞው ጥድፊያ የተመለሰ ይመስላል። ውሳኔው ግን ምክንያት ነበረው። የቀሩት አሮጌ ሚሳይሎች ወደፊት ከሚመረተው ጋር ስለማይመሳሰሉ እነሱን መተኮስ ለአዲሱ ንድፍ የሚጨምረው ዕውቀት አነስተኛ ነው። 40ዎቹን ፕሮቶታይፖች የመግዛት ሐሳብም ተሰረዘ፤ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሙከራ ዕቃው የጦር መሣሪያ የመሆን ግዴታው ቀረለት።

በጁን 2000 የሙሉ ንድፍ ምዕራፍ ተጀመረ። ሚሳይሉ ለማምረትና ለመፈተሽ እንዲቀል ሆኖ እንደገና ተነደፈ፤ በአላባማ ግዛት ትሮይ ከተማ ፋብሪካ ተዘጋጀለት፤ ክፍሎቹ አንድ በአንድ፣ ከዚያም ተገጣጥመው በምድር ላይ ተፈተሹ። ከኦገስት 1999 በኋላ እስከ ኖቬምበር 22 ቀን 2005 ድረስ አንድም ሚሳይል አልተተኮሰም። በጁላይ 2006 የኢላማ ፈላጊውን ዐይን ለመፈተሽ በተዘጋጀ በረራ ላይ ዒላማው ተመታ። በሴፕቴምበር 2006 የተበላሸው ዒላማ ሆኖ የተተኮሰው ሚሳይል ነበር፤ መከላከያው አልተተኮሰም፤ ውጤቱም ስኬትም ውድቀትም ተብሎ ሳይቆጠር እንዳልተካሄደ ሙከራ ተመዘገበ። ከ2007 ጀምሮ ሙከራው በሃዋይ ወደምትገኘው የካዋይ ደሴት ተዛወረ፤ ምቶቹም ተከታተሉ።

ታድ በጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ጃንዋሪ 17 ቀን 2022 አቡ ዳቢ ላይ ሲሆን፣ ከየመን በሁቲ አማፂያን የተተኮሰ ባሊስቲክ ሚሳይል መትቷል። ሥርዓቱን ከአሜሪካ ውጭ መጀመሪያ የገዛችው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ናት።

ከምርት ጋር የተመለሰው ችኮላ

ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ተይዟል ማለት አይቻልም። የአዲሱ ሚሳይል የበረራ ሙከራ ገና በመካሄድ ላይ እያለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች (ሥርዓቱን ለሚያንቀሳቅሱ የሠራዊት ክፍሎች) የማምረቻ ውል ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ሚሳይሉ ያለ ትእዛዝ እንዳይነሳ የሚጠብቀው አነስተኛ የደኅንነት መሣሪያ ፈተናውን ማለፍ አቃተው። የሚሳይሎቹ ርክክብ እስከ 2011 ዘገየ።

የመጀመሪያው ምድብ በሜይ 2008 በቴክሳስ ፎርት ብሊስ ሲቋቋም ወታደሮቹ፣ ራዳሩና ማስወንጨፊያው ነበሩ፤ ሚሳይሎቹ ግን ገና አልደረሱም። የጦር ሠራዊቱ ምድቦቹን በሁኔታዎች በተገደበ ፈቃድ በይፋ የተረከበው በፌብሩዋሪ 2012 ነው፤ ኮንግረስ ካስቀመጠው የ1990ዎቹ አጋማሽ ቀጠሮ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ።